ሁሉ የሚያነበው ጽሕፈት

የሰው ልጅ ሁሉ የገዛ ቋንቋውን ሳይለውጥ የሚያነበው አንድ ጽሕፈት ቢገኝ ምንኛ በጎ ነበር የሚለው ሐሳብ ሰሞኑን በምግብ አዳራሻችንና በመኝታ ክፍሎቻችን የክርክር ርእስ ሆኖ ሰንብቷል። አንደኛው ወገን፦ «በስልክ የምንላላካቸው ትንንሽ ሥዕሎች የዚህ መጀመሪያ ናቸው፤ የሚስቀውን ፊት ቻይናውም ጐንደሬውም ያው አድርጎ ያነበዋል» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፦ «እንኳን ዓለም፣ አገራችን ብቻዋን በአንድ ፊደል መስማማት አቅቷታል» ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በቀልድ ተጀምሮ በኩርፊያ ስላለቀ፣ ጋዜጣችን ዝም ብሎ ሊያልፈው አልወደደም። ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል። ሲኒማ ራስ ወርዶ ላስተዋለው ሰው ግን የጤናና የእንጀራ ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች ይለዩ። አንዱ ለብዙ ቋንቋ የሚያገለግል አንድ ፊደል ነው። ፊደል የሚጽፈው ድምፅ ስለሆነ፣ አንባቢው ቋንቋውን ካላወቀ ድምፁን ያሰማል እንጂ ነገሩን አይረዳም። በእኛው ፊደል የተጻፈ የትግርኛ ወይም የቢለን ጽሑፍ አማርኛ ብቻ ለሚያውቅ ሰው ቢሰጡት አፉ ያነባል፤ ልቡ ግን ባዶውን ይቀራል። ሌላው፣ ድምፁን ትቶ ሐሳቡን የሚጽፍ ምልክት ነው። ይህም ማለት አንዱን ምልክት አማራው «ውሃ»፣ ኦሮሞው «ቢሻን»፣ ሶማሌው «ቢዮ» ብሎ ሲያነበው፣ ሁሉም የሚጠጣውን አንድ ነገር ያስባል ማለት ነው። የተኳረፉት ጓደኞቻችን አንዱ ስለ መጀመሪያው፣ ሌላው ስለ ሁለተኛው ነበር የሚናገሩት። እንዲህ ያለ ክርክር እስከ ንጋት ቢቀጥልም መቋጫ የለውም።

የሁለተኛው ዐይነት ሕልም ያረጀ ነው። የለንደኑን ሮያል ሶሳይቲ ከመሠረቱት ሊቃውንት አንዱ የነበረው ጆን ዊልኪንስ እ.ኤ.አ. በ1668 ስለዚህ ነገር ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። ከሁለት ዓመት በፊት በደረሰው የለንደን ታላቅ ቃጠሎ የሥራው ከፊል ነዶበት እንደ ገና የደከመበት ነውና፣ ትዕግሥቱን እናደንቃለን። ዘዴው እንዲህ ነው፤ በዓለም ያለውን ሁሉ፣ ከፈጣሪ ጀምሮ እስከ ድንጋይ፣ በ40 ወገን ይከፍላል፤ ለየወገኑ አንድ ምልክት ይሰጣል፤ ከወገኑ በታች ላለው ልዩነት በምልክቱ ላይ ቅጥያ ይጨምራል። ስለዚህ ቃሉን ያነበበ ሰው ነገሩ ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ አብሮ ያውቃል። ጉዱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዊልኪንስ ዓሣ ነባሪን ከዓሦች ወገን አስገብቶታል። የዛሬው ሳይንስ ደግሞ አጥቢ እንስሳ ነው ስለሚል፣ የቃሉ አጻጻፍ ራሱ ሐሰት ሆኖ ቁጭ ይላል። በተራ ፊደል የተጻፈ ቃል ይህ ዕዳ የለበትም፤ ዕውቀት ሲለወጥ መጽሐፉን እናርማለን እንጂ ፊደሉን አንጥልም። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም ተብሎ በሚከራከርበት አገር ይህ ጽሕፈት ቢገባ ኖሮ ስንት ጉባኤ ባስጠራ!)

ጀርመናዊው ፈላስፋ ሌይብኒዝም የዚሁ ሕልም ሰው ነበር። የሰው ሐሳብ ሁሉ በምልክት ተጽፎ ክርክር እንደ ሒሳብ በስሌት እንዲፈታ ተመኝቶ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያነሣው ሲጥለው ኖሮ ሳይፈጽመው ሞቷል። ለእኛ ይበልጥ የሚያስደንቀን ግን ሌይብኒዝ ደብዳቤ ከሚጻጻፋቸው ሰዎች አንዱ ኢዮብ ሉዶልፍ መሆኑ ነው። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ የአማራውን የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ በ1652ም አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ወደሚባለው የጀርመን ከተማ ተጋብዘው ሄዱ። ከዚያም መካከለኛ ምልክት ሳይፈልጉ፣ ጀርመኑ ከኢትዮጵያዊው እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ፤ በግእዝ ተጻጻፉ። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከቡ ተሰብሮ ባሕር በላቸው። የትምህርቱ ፍሬ ግን የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1698 ታተመ። የሌይብኒዝ የሐሳብ ፊደል ዛሬ በፍልስፍና ክፍል ይነገራል፤ ማንም ግን ዳቦ አልገዛበትም። የአንድ መነኵሴና የአንድ ተማሪ ድካም መጽሐፍ ሆኖ ቀርቷል። እኛ በዚህ ነገር ለማን እንደምናደላ አንሸሽግም።

ወደ ዘመናችን ከመጡት ውስጥ አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ቻርልስ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1897 በኦስትሪያና ሃንጋሪ ግዛት የተወለደ አይሁዳዊ መሐንዲስ ነው። ናዚዎች በዳካውና በቡኸንቫልድ አስረውት ከወጣ በኋላ ወደ ሻንጋይ ተሰደደ። እዚያም አነጋገራቸው የማይገጥም የቻይና ሰዎች አንዱን ጋዜጣ እኩል ሲያነቡ አይቶ ተደነቀ። ሰውን ከሰው ያፋጀው የቃል ተንኮል ነው ብሎ ያምን ስለ ነበር፣ ሁሉ የሚያነበው የሥዕል ጽሕፈት ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1949 አውስትራሊያ ላይ በራሱ ወጪ አሳተመው። መንግሥታትም ዩኒቨርሲቲዎችም ፊት ነሡት። ከሃያ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1971፣ ቶሮንቶ ውስጥ የአንድ ማእከል አስተማሪዎች መጽሐፉን አገኙት። የሚያስተምሯቸው ልጆች አእምሯቸው ንቁ ሆኖ ሳለ ከሕመም የተነሣ አንደበታቸው የማይታዘዝላቸው ነበሩ። ልጆቹ ምልክቶቹን በጣት ወይም በዐይን እያመለከቱ መናገር ጀመሩ፤ ለእናታቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ የልባቸውን ነገሯት። ብሊስ ግን አስተማሪዎቹ ምልክቶቼን ለወጡብኝ ብሎ ከሰሳቸው፤ ዓመታትም ተጨቃጨቁ። ለዓለም ሰላም ተብሎ የተሠራ ጽሕፈት ሥራ ያገኘው ሌላ መናገሪያ በሌላቸው ልጆች ዘንድ ነው። ይህን ልብ እንበል፤ ምልክት የሚይዘው የጨነቀው ሰው ባለበት ነው።

አሁን ስለ አገራችን ፊደል፣ ማለትም ስለ መጀመሪያው ዐይነት፣ ጥቂት እንበል። ነገሩ የሚያስቆጣ እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህም እውነቱን በቅደም ተከተል እናስቀምጠው። የግእዝ ፊደል የአንድ ቋንቋ ብቻ ሆኖ አያውቅም። አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ገኖ ጋር ደክሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚሁ ፊደል ነው። በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም እያደር እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ሲያስተምር ሁሉንም የጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። በኮምፒዩተር የዓለምን ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ መዝገብ የሚቆጥረው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ሲቀበል፣ ቀጥሎም በ2005 ለሰባት ቤት ጉራጌና ለቢለን፣ በ2010 ለጋሞ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረውበታል። ይህ እንግዲህ አንድ ፊደል ለብዙ ቋንቋ ለመዋል የደከመበት መንገድ ነው፤ ቀላል ሥራም አይደለም።

የሌላውም ወገን ታሪክ መነገር አለበት። በሐረርጌ ሼኽ በክሪ ሰጶሎ የተባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ፈጽሞ አዲስ ፊደል ፈጥረው ነበር። ድምፆቹን አንድ በአንድ መርምረው ያበጁት ስለሆነ፣ ቋንቋ የሚያጠኑ ሊቃውንት ዛሬም ያከብሩታል። በጊዜው ግን ከመንግሥት ያገኙት መከልከልንና መጠርጠርን ነው፤ እሳቸውም በስደት ሞቱ። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ ቁቤ በሚባለው የላቲን ፊደል እንዲጻፍ ተወሰነ። ምክንያቶቹ የፖለቲካ ብቻ ነበሩ የሚሉ ጓደኞቻችን ተሳስተዋል። ኦሮምኛ ረጅምና አጭር አናባቢ፣ የጠበቀና የላላ ፊደል ትርጉም የሚለውጡበት ቋንቋ ነው፤ ቁቤ ሁለቱንም ይጽፋቸዋል። የእኛው አጻጻፍ በአማርኛም ቢሆን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን «ያልደረሰ» ማለታችን አንባቢው ከዐረፍተ ነገሩ ይገምታል፤ «አለ» ስንልም እንዲሁ፣ ተናገረ ይሁን ይገኛል፣ መለየቱ ለአንባቢው ነው። ምክንያቶቹ የቋንቋ ብቻ ነበሩ የሚሉትም ተሳስተዋል። ሰው ፊደሉን የሚመርጠው በጆሮው ብቻ አይደለም፤ ማን ጠየቀኝ፣ ማን ከለከለኝ የሚለውንም ያስታውሳል። በሼኽ በክሪ ላይ የደረሰው ባይደርስ ኖሮ ነገሩ ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ማሰቡን ለየአንባቢው እንተዋለን።

አቋማችን ይህ ነው፤ የአንድ ቋንቋ ፊደል የቋንቋው ተናጋሪዎች ጉዳይ ነው። በምግብ አዳራሽ ሳህን እያጋጩ የሚፈቱት ነገር አይደለም። እኛ ተማሪዎች እጃችንን ልንሰድበት የምንችለው ሥራ በሁለተኛው ዐይነት ጽሕፈት ዘንድ ይጠብቀናል፤ ለዚህም ወደ ሲኒማ ራስ እንውረድ።

ሲኒማ ቤቱ ኋላ ራስ ቴአትር ቢባልም የታክሲ ረዳቱ ዛሬም የሚጣራው በቀድሞ ስሙ ነው። ከዚያ ተነሥቶ እስከ ምናለሽ ተራና እስከ አውቶቡስ ተራ የሚጓዝ ሰው አማርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ፣ ኦሮምኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛና ሶማልኛ በአንድ ጥዋት ይሰማል። እንግዲህ እዚያ ከጭነት መኪና የሚወርደውን ካርቶን ተመልከቱ። ጐኑ ላይ የመስተዋት ዋንጫ የተሣለበት አለ፤ ጃንጥላ የተሣለበት አለ፤ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ያሉበት አለ። ከሥዕሎቹ አጠገብ ያለው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፤ አለዚያም ቱርክኛ። ተሸካሚው ከእነዚህ አንዱንም አያነብም፤ ከተሸካሚዎቹም መካከል በምንም ቋንቋ ፊደል ያልቆጠረ አለ። ነገር ግን ዋንጫ ያለበትን ካርቶን ከሥር አድርጎ ከባድ ዕቃ አይጭንበትም፤ ቀስቶቹንም ዘቅዝቆ አያስቀምጥም። ዊልኪንስና ብሊስ የተመኙት አንባቢ ይኸው በመርካቶ ጀርባው ጐብጦ ይሄዳል!

ይሁንና አንድ ነገር እንዳያመልጠን። በቴሌቪዥን ካርቶን ላይ የተሣለው ዋንጫ «ውስጡ ዋንጫ አለ» ማለት አይደለም። ትናንት ከገጠር የገባ ሰው እንደዚያ ቢያነበው አላዋቂ አያሰኘውም፤ ሥዕሉ የሚናገረው በቀጥታ እርሱኑ ነውና። «የሚሰበር ነው፣ በቀስታ ያዝ» የሚለውን ትርጉም ተሸካሚው ያወቀው ከቀደሙት ሰምቶ ነው፤ አለዚያም ሰብሮ ከዕለት ገቢው ከፍሎ። ስለዚህ በራሱ የሚነበብ ሥዕል የለም፤ አስተማሪ ያስፈልገዋል። በምሥራቁ ክፍል በከብት ገበያ ደላሎች በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት እየተነካኩ ዋጋ ሲጨርሱ ያየ ሰውም ይህንኑ ይመሰክራል። ምልክቱ ለሁለቱ ግልጽ ነው፤ ለእንግዳ ግን እጅ መጨባበጥ ብቻ ይመስለዋል።

በጠቅላላው ዓለም የተነበበ የሐሳብ ጽሕፈት አለ ከተባለ ቁጥር ነው። «5» የሚለውን እኛ አምስት፣ ኦሮሞው ሸን፣ እንግሊዙ ፋይቭ እንለዋለን፤ ትርጉሙ አይናወጥም። ከግሪክ ፊደላት የተወረሱትና ዜሮ የሌላቸው የራሳችን ቁጥሮች በመጻሕፍተ ቤተ ክርስቲያንና በቀን መቁጠሪያ ሲቀሩ፣ ገበያውን የወሰዱት እነዚህ ናቸው። በሲኒማ ራስ ፊደል የማያነብ ነጋዴ ስልክ ሲደውል ወይም በሒሳብ ማሽን ሲደምር ማየት አያስገርምም። ታዲያ በቁጥር እንኳ ስንቱ ሰው እየተጐዳ እንደ ሆነ እንመልከት።

በአንድ የሕክምና ቀጠሮ ካርድ ላይ «8፡00» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጸሐፊው የአውሮፓን ሰዓት አስቦ ይሆናል፤ ይኸውም በእኛ ከጥዋቱ 2 ሰዓት ነው። ታካሚው ቁጥሩን አጥርቶ ያነበዋል፤ ደግሞም እንደ አገሩ ከቀኑ 8 ሰዓት ይመጣል። ሐኪሙ ጥዋት ጠብቆት ሌላ ሰው አስገብቷል። ሁለቱም ማንበብ ያውቃሉ፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ ቀጠሮው ግን ፈርሷል። ከዚህ የከፋው የመድኃኒትና የታሸገ ምግብ ነገር ነው። የአገራችን አቆጣጠር ከአውሮፓው በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደ ኋላ እንደሚል እናውቃለን። በ2016 ዓ.ም. አንዲት እናት ከሱቅ የሕፃን ወተት ቆርቆሮ አንሥታ ግርጌው ላይ «2018» የሚል የመጨረሻ ቀን አነበበች እንበል። እንደ እርሷ ንባብ ገና ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እንደ ፋብሪካው ከሆነ ካለቀበት አምስት ዓመት አልፏል። ቁጥሩ ለሁሉ የሚነበብ ነው፤ በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከመርዝ የሚለየው ግን አንድ ጐደሎ ቃል ነው። ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ አውቆ የሚሸጥ ነጋዴ ቢገኝም፣ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ አይመኝም። ደንቆሮ እንዳንባል የተማርነው ሰዎች ይህን እናውቃለን፤ አውቀንም ለራሳችን ቀንሰን ገዝተን እንሄዳለን። ይህ አያሳፍረንምን?

በሌላ አገር ነገሩን በሥራ የሞከሩት አሉ። ኦቶ ኖይራት በቪየና የጀመረውን የሥዕል ትምህርት ባለቤቱ ማሪ ኖይራት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ወደ ምዕራብ ናይጄሪያ ስታመጣ፣ በአውሮፓ የተለመደውን እንዳለ ማተም እንደማይበቃ ተረድታለች። በደቡብ አፍሪካም የሮድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአሜሪካ የመጡ የመድኃኒት አወሳሰድ ሥዕሎችን ብዙ ላልተማሩ የሖሳ ተናጋሪዎች አሳይተው ነበር። ብዙዎቹ ሥዕሎች አልተነበቡም። ከሰዎቹ ጋር ሆነው እንደ ገና የሣሏቸው ግን ይበልጥ ተነበቡ። ቶኪዮ በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ ኦሎምፒክ ስታዘጋጅ ለእንግዶች ሁሉ የሚሆኑ የሥዕል ምልክቶች አሠርታ ነበር፤ ሻምበል አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ያሸነፈው በዚያው ውድድር ነው። ከዚያ ወዲህ የሩጫው ምልክት በየአገሩ ሲዞር ኖሯል፤ እንዲነበብ ያደረገው ግን የሠዓሊው ብልኀት ብቻ ሳይሆን ዓለም ሁሉ ሩጫውን ማየቱ ነው።

«ሥዕል ከማበጀት ፊደል ማስቆጠር አይሻልምን?» የሚለን ይኖራል። ተቃውሞው ከባድ ነው፤ በሥዕል ስም ሕዝቡን ሳይማር ለማስቀመጥ የሚሻ ሰነፍ መሥሪያ ቤት ሊኖር እንደሚችልም አንክድም። ፊደል ማስቆጠሩ ይቀጥል፤ ይበርታም። ነገር ግን ዛሬ ማታ የሚዋጠው ክኒን ትምህርቱ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ደግሞም በወተቱ ቆርቆሮ የተሳሳተችው እናት ማንበብ የምትችል ሴት ናት።

ስለዚህ ማኅበራችን እንዲህ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ከውጭ የሚገባ መድኃኒትና የታሸገ ምግብ የመጨረሻ ጊዜው በኢትዮጵያ አቆጣጠርም ተለጥፎበት ለሽያጭ እንዲቀርብ፣ ለሚመለከታቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በጽሑፍ አቤት ይበል፤ አስመጪዎቹም በዚህ ይጠየቁ። በየጤና ተቋሙ የሚሰጥ የቀጠሮ ካርድ ሰዓቱን «ጥዋት» ወይም «ከቀኑ» ብሎ፣ ከአጠገቡም የፀሐይን ቦታ በሥዕል አሳይቶ ይጻፍ። ሥዕሎቹን ግን በመኝታ ክፍላችን ተቀምጠን አንሣል። የፋርማሲ፣ የሥነ ልሳንና የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ተጣምረው ወደ ሲኒማ ራስ ወርደው ለተሸካሚው፣ ለሻይ አፍዪዋ፣ ለባለ ጋሪው እያሳዩ፣ «ይህ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ። ያልተነበበው ይቀደድ፤ ሠዓሊው የቱንም ያህል ቢወደው ይቀደድ። ለተጠያቂዎቹ ሥራ ስለምናስፈታቸው የሻይ እንክፈል፤ ጊዜያቸው ገንዘብ ነውና።

በምግብ አዳራሹ የተኳረፉት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቡድን ቢመደቡ ደስ ይለናል። ስማችሁን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡ። የመጀመሪያው ጉዞ በመጪው ቅዳሜ 2 ሰዓት ላይ ከዋናው በር ይነሣል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ጥዋት።